ፍርሃትና አመል በምክር ለምን አይለቁም?

ሊፍት የሚፈራ ሰው አጠገባችን ካለ «አይዞህ፣ ምንም አይደለም» እንላለን። ጥፍሩን የሚበላ ልጅ ካለን «ተው!» እያልን እጁን መታ እናደርጋለን። ጫት ለማቆም የሚታገል ወንድም ካለን ቁጭ አድርገን እንመክራለን፤ ሲብስም ሽማግሌ እንልካለን። ሁሉም ከፍቅር ነው። ግን አብዛኛውን ጊዜ ጠብ የሚል ነገር የለም። ለምን? የምንነግረውን ነገር ሰውየው ቀድሞ ያውቀዋላ! ሊፍት ሰው እንደማይበላ ያውቃል። ጫቱ ኪሱንና እንቅልፉን እንደጨረሰበት ከእኛ በላይ ያውቃል። የጎደለው ዕውቀት አይደለም።

የባህሪ ሕክምና የሚነሳው ከዚህ ነጥብ ነው። ይህ የሥነ ልቦና ሕክምና የሰውየውን ያለፈ ታሪክ ብዙ አይቆፍርም። ጥያቄዎቹ አጫጭር ናቸው፦ ምን ታደርጋለህ? መቼና የት ታደርገዋለህ? ካደረግኸው በኋላ ወዲያው ምን ታገኛለህ? ከዚያ በኋላ ሥራው ያንን ቅደም ተከተል በተግባር መለወጥ ነው። ዛሬ ብዙ ባለሙያዎች አስተሳሰብንም ጨምረው ስለሚሠሩ «የአስተሳሰብና የባህሪ ሕክምና» ሲባል ትሰማላችሁ። ለፍርሃት ግን ዋናው ጉልበት አሁንም ያለው ድርጊቱ ላይ ነው ባይ ነኝ።

ነገሩ አዲስ አይደለም። በ1920 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ጆን ዋትሰንና ሮዛሊ ሬይነር የተባሉ አሜሪካውያን፣ ዓመት ያልሞላው ሕፃን ነጭ አይጥ እንዲፈራ አደረጉ። ሕፃኑ አይጧን ሊነካ እጁን ሲዘረጋ ከኋላው ብረት በመዶሻ ይመታ ነበር። ትንሽ እንደቆየ ድምፁ ባይኖርም አይጧን ሲያይ ማልቀስ ጀመረ። ጥንቸልና ፀጉራም ነገር ሁሉ ያስፈራው ጀመር። «እባብ ያየ በልጥ በረየ» የምንለው ይኸው ነው። ሙከራው ጭካኔ ነበር። ልጁን ከፍርሃቱ ሳያላቅቁት ነው የተለያዩት። ዛሬ ማንም አይፈቅደውም።

ከአራት ዓመት በኋላ ሜሪ ኮቨር ጆንስ የተባለች ተመራማሪ የተገላቢጦሹን ጥያቄ አነሳች። የገባ ፍርሃት እንዴት ይወጣል? በሕፃናት ማቆያ ውስጥ ከነበሩ ልጆች ጋር ብዙ መንገድ ሞከረች። ዝም ብሎ ጊዜ መስጠትን ሞከረች። ስለሚፈሩት ነገር ደግ ደጉን መንገርን ሞከረች። ማሾፍና መቆጣት ምን እንደሚያመጣም አየች። በእርግጠኝነት ሠሩ ያለቻቸው ሁለት ብቻ ናቸው። አንደኛው፣ የሚያስፈራውን ነገር ልጁ ከሚወደው ነገር ጋር ቀስ በቀስ ማቀራረብ ነው። ሁለተኛው፣ የማይፈሩ ልጆች ያንኑ ነገር ሲነኩ እንዲያይ ማድረግ ነው።

በጽሑፏ ፒተር ብላ የጠራችው ልጅ ሦስት ዓመት እንኳ አልሞላውም ነበር። ጥንቸል ይፈራል፤ የፀጉር ካፖርት ይፈራል፤ ጥጥ ሳይቀር ይፈራል። የሚወደውን ምግብ ሲበላ ጥንቸሏ ራቅ ብላ ትቀመጣለች። ከቀን ወደ ቀን ትንሽ ትንሽ ትጠጋለች። መጨረሻ ላይ ጣቶቹን በአፏ ስትነካካው ዝም የሚላት ልጅ ሆነ። ምክርና ቁጣ ያኔም አልሠሩም፤ ይህን ካወቅን መቶ ዓመት አልፎናል።

አሁን ወደ እኛው ከተማ እንምጣ። አዲስ አበባ ውስጥ ፎቅ እንደ አሸን ፈልቷል። የ40/60 ቤት የደረሰውም፣ ቦሌ ቢሮ ያለውም ውሎው ከሊፍት ጋር ነው። መብራት ደግሞ ይጠፋል። እንበልና አንዲት ሴት ወደ 9ኛ ፎቅ ስትወጣ መብራት ጠፍቶ ሊፍቱ ቀጥ አለ። ጀነሬተሩ እስኪነሳ ጨለማ ውስጥ ቆመች። አየር ያጠራት መሰላት። በማግስቱ ሊፍቱ በር ላይ ስትደርስ ጉልበቷ ከዳትና ደረጃውን ያዘች።

ወደ ደረጃው ዞር ስትል ልቧ ወዲያው ይረጋጋል። ጣጣው የሚጀምረው እዚህች እፎይታ ላይ ነው። እፎይታ ሽልማት ነው፤ ሰው ደግሞ የተሸለመበትን ነገር ይደግማል። አእምሮዋ «ደረጃው አዳነሽ» ብሎ ይመዘግባል። ሊፍቱ ውስጥ ብትገባ ኖሮ ምን ይፈጠር እንደነበር ግን የማወቅ ዕድል አያገኝም። ሆባርት ሞውረር የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ይህን በ1947 ለሁለት ከፍሎ አስቀመጠው። ፍርሃቱ የሚመጣው መጥፎ ነገር ከቦታው ጋር ስለተያያዘ ነው። ፍርሃቱ የሚቆየው ግን ስለምንሸሽ ነው። ሁለተኛዋን ክፍል ብዙ ሰው አይጠረጥራትም።

ዙሪያዋ ያለው ሰውም ሳያውቀው ሽሽቱን ያግዛል። ባልደረባዋ «ነይ አብሬሽ ልውጣ» ትላታለች። ባሏ ቤት ሲፈልጉ «ከሁለተኛ ፎቅ በላይ አንከራይም» ይላል። አለቃዋ ስብሰባውን ምድር ቤት ያደርግላታል። ደግ ሰዎች ናቸው። ግን እያንዳንዱ ደግነት «ልክ ነሽ፣ ሊፍቱ አደገኛ ነው» የሚል መልእክት ይሰጣታል። በሽሽት የኖረ ፍርሃት ባለበት አይቆምም፤ ይሰፋል። ከሊፍት ወደ መታጠቢያ ቤት በር መቆለፍ፣ ከዚያ ወደ ታክሲ የኋላ ወንበር ሊሄድ ይችላል። አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን መካከል ሃይዌይ መግባት ፈርተው ለዓመታት ረጅሙን መንገድ የሚዞሩ አሉ። ነገሩ ያው ነው።

ሕክምናው የሚጀምረው ፍርሃቱን በደረጃ በመክፈል ነው። ይህን መንገድ በ1950ዎቹ ያስፋፋው ጆሴፍ ዎልፒ የተባለ ደቡብ አፍሪካዊ ሐኪም ነው። ሴትየዋ የምትፈራቸውን ሁኔታዎች ትዘረዝራለች፤ ለእያንዳንዱም ከ0 እስከ 100 ነጥብ ትሰጣለች። ሊፍቱ ፊት ቆማ ሰው ሲገባና ሲወጣ ማየት 25 ሊሆን ይችላል። በሩ እንደተከፈተ ገብቶ መውጣት 40። ከባለሙያዋ ጋር አንድ ፎቅ መውጣት 55። ብቻዋን አንድ ፎቅ 70፣ ብቻዋን እስከ 9ኛ 90። ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ሰው ጢም ብሎ በሞላበት ሊፍት መውጣት ደግሞ 100። ዎልፒ ታካሚዎቹን አስቀድሞ ሰውነታቸውን እንዲያፍታቱ ያሠለጥን ነበር፤ የሚፈሩትንም በሐሳባቸው እንዲስሉት ያደርግ ነበር። በኋላ የተደረጉ ጥናቶች ማፍታታቱ የግድ እንዳልሆነ አሳዩ። ዋናው ከሚያስፈራው ነገር ጋር መቆየቱ ነው፤ ከተቻለም በእውኑ።

ከመግባቷ በፊት ባለሙያዋ ትጠይቃታለች፦ «ምን ይሆናል ብለሽ ነው የምትፈሪው?» መልሱ በወረቀት ላይ ይሰፍራል። «በሩ ሲዘጋ አየር ያልቅብኛል፤ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ራሴን እስታለሁ።» ከዚያ ይገባሉ። ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ፣ እንደገና ይወጣሉ። እጇ ያልበዋል፤ ልቧ ይመታል። ሁለት ደቂቃ ያልፋል፤ አምስትም ያልፋል። ራሷን አልሳተችም። ሲወጡ ወረቀቱን ያዩታል። ሊፍት አየር የሚገባበት ነገር ነው፤ ባለሙያዋ ይህን በመጀመሪያው ቀን ልትነግራት ትችል ነበር። ባሏም፣ የሕንፃው ጥበቃም ነግረዋታል። አሁን ግን የሰማችው ሳይሆን የደረሰባት ነገር ሆነ። ልዩነቱ ይኼ ነው።

ሦስት ነገር ልጨምር። መጀመሪያ፣ ሰው መደገፊያ አያጣም። አንዷ ስልኳ ላይ የባሏን ቁጥር አውጥታ ትይዛለች። ሌላው የውሃ ጠርሙስ ካልያዘ አይገባም። እነዚህ አንድ በአንድ ይነሳሉ፤ አለበለዚያ አእምሮ «ስልኩ አዳነኝ» ይላል። ሁለተኛ፣ ፍርሃቱ በእያንዳንዱ ልምምድ ላይ የግድ መውረድ የለበትም። የዛሬ አስተሳሰብ የሚያተኩረው የተጠበቀው መዓት ባለመድረሱ ላይ ነው፤ እየፈሩም ቢሆን ትምህርቱ ይገባል። ሦስተኛ፣ ማንም «መብራት ከእንግዲህ አይጠፋም» ብሎ ቃል አይገባላትም። ሊጠፋ ይችላል። የምትማረው ሊፍቱ ቢቆም እንኳ ደስ የማይል ግን የሚያልፍ ነገር መሆኑን ነው።

አንዳንድ ፍርሃት ደግሞ በፍጥነት ይለቃል። ስዊድናዊው ላርስ ጎራን ኧስት እንደ ውሻ፣ ሸረሪትና መርፌ ያለ አንድ የተወሰነ ነገርን መፍራት እስከ ሦስት ሰዓት በሚረዝም አንድ ቀጠሮ ብቻ ማከም እንደሚቻል አሳይቷል። ለሃያ ዓመት ውሻ ሲሸሽ የኖረ ሰው በአንድ ከሰዓት በኋላ ይለወጣል ቢባል ማን ያምናል? ግን ይሆናል።

ደም ሲያዩ ወይም መርፌ ሲወጉ ራሳቸውን የሚስቱ ሰዎች ለየት ይላሉ። ሌላው ፍርሃት የደም ግፊትን ከፍ ያደርጋል። እነሱ ላይ ግን መጀመሪያ ከፍ ብሎ በድንገት ይወርዳል፤ የሚወድቁትም ለዚህ ነው። ስለዚህ «ዘና በል» የሚለው ምክር ለእነሱ ጭራሽ ይጎዳል። ኧስትና ባልደረቦቹ ያስተማሩት ተቃራኒውን ነው። የእጅ፣ የእግርና የሆድ ጡንቻን ፊት ሞቅ እስኪል ድረስ ከ10 እስከ 15 ሰከንድ አጥብቆ መወጠር፤ ከዚያ ለ20 ወይም 30 ሰከንድ መልቀቅ፤ ይህንን አምስት ጊዜ መደጋገም። ግፊቱን ስለሚያነሳ ሰውየው አይወድቅም። ደም ለመለገስ እየፈለገ የሚሸሽ ሰው ይህን ቢያውቅ ምንኛ በጠቀመው።

ድንገት ልቡ እየመታ፣ ትንፋሹ እያጠረ «ሞትኩ» የሚል ሰው ደግሞ በየክሊኒኩ ይዞራል። ኢሲጂ የሚባለውን የልብ ምርመራ ይነሳል፤ «ልብህ ደህና ነው» ይባላል፤ በሳምንቱ ተመልሶ ይሄዳል። ይህ ሰው የሚፈራው የራሱን አካል ነው። ሐኪም የልብና የሌላ በሽታ አለመኖሩን ካረጋገጠ በኋላ ሕክምናው ሆን ብሎ ያንን ስሜት መቀስቀስ ነው። ደረጃ በሩጫ ይወጣል። ወንበር ላይ ሆኖ ይሽከረከራል። ቶሎ ቶሎ ይተነፍሳል። የልብ ምት የልብ ምት ብቻ መሆኑን ሰውነቱ በዚህ ይማራል።

ብዙ ልናወራበት ሲገባ የምንደብቀው ደግሞ ውስዋስ ነው፤ የማይለቅ ሐሳብና እሱን ለማብረድ አንድን ነገር ደጋግሞ ማድረግ። አንዱ ውዱእ አድርጎ ይጨርስና «ውሃው አልነካኝ ይሆን እንዴ?» ብሎ አሥር ጊዜ ይደግማል። ሌላዋ በጸሎት መሃል ክፉ ሐሳብ መጣብኝ ብላ የንስሐ አባቷን በየቀኑ ትጠራለች። አንዱ በር መቆለፉን ለማረጋገጥ ከታክሲ ወርዶ ይመለሳል። ሐሳቡ ጭንቀት ያመጣል፤ መታጠቡ ወይም ማረጋገጡ ለጥቂት ደቂቃ ያሳርፋል። ያው እፎይታ ነው፤ ያው ወጥመድ። በ1966 ለንደን ውስጥ ቪክተር ማየር የተባለ የሥነ ልቦና ባለሙያ ሕሙማኑን ወደሚያስጨንቃቸው ነገር አቅርቦ፣ መታጠቡንና መደጋገሙን ግን እንዲከለከሉ አደረገ። ያኔ ተስፋ የላቸውም የተባሉ ሰዎች ተሻላቸው። ዛሬ ለዚህ ሕመም ከመድኃኒት ጋር በቅድሚያ የሚመከረው ይኸው መንገድ ነው። ሕክምናው ሃይማኖትን አይጋፋም። ጥሩ ባለሙያ የታዘዘው ሥርዓት ምን ያህል እንደሆነ ከካህኑ ወይም ከኡስታዙ ይሰማል። ለማንኛውም አማኝ በቂ የሆነው ለዚህም ሰው በቂ ይሆናል። ጸበል የሚጠመቅ ሰውም ጸበሉን ትቶ መምጣት የለበትም።

ወደ ልማድ እንለፍ። ኔታን አዝሪንና ግሪጎሪ ነን በ1973 ጥፍር መብላትን፣ ፀጉር መንቀልንና የመሳሰሉትን ለማስተው ቀላል የሚመስል ዘዴ አቀረቡ። መጀመሪያ ሰውየው ልማዱን መያዝ ይማራል። ብዙ ጊዜ እጁ አፉ ውስጥ መሆኑን የሚያውቀው ከደማ በኋላ ነውና መቼ እንደሚጀምር ይመዘግባል። ቴሌቪዥን ሲያይ? ፈተና ሲያጠና? እጁ ጉንጩን ሲነካ? ከዚያ ፍላጎቱ ሲመጣ ከልማዱ ጋር አብሮ ሊሄድ የማይችል ነገር ያደርጋል። ለምሳሌ ጡጫ ጨብጦ አንድ ደቂቃ ያህል ይቆያል። የጨበጠ እጅ ጥፍሩን አያስበላም። የቤተሰቡ ድርሻ እሱ ሲሳሳት መጮህ አይደለም፤ ሲሳካለት አይቶ ማመስገን ነው።

ጫት ላይም ጥያቄው ያው ነው። ከቅጠሉ በፊት ምን አለ? ምሳ አለ፤ ዘጠኝ ሰዓት አለ፤ የታወቀው ቤት፣ የታወቁት ጓደኞች፣ ኦቾሎኒውና ቡናው አሉ። በኋላስ? ምርቃና፣ ጨዋታ፣ ከብቸኝነት መገላገል አለ። ጫቱን ብቻ አንስቶ ከሰዓት በኋላውን ባዶ የተወ ሰው ብዙ አይቆይም። ጓደኝነቱን የሚተካ ነገር ካልተገኘ «ቆራጥ ሁን» ማለት ብቻውን የትም አያደርስም። ለዚህ ነው ሕክምናው ስለ ቆራጥነት ትንሽ፣ ስለ ዘጠኝ ሰዓት ግን ብዙ የሚያወራው። አንድ ብርቱ ማሳሰቢያ፦ በየቀኑ አብዝቶ አልኮል የሚጠጣ ሰው በአንድ ጊዜ ሲያቆም ሊንቀጠቀጥና ሊጥለው ይችላል፤ ሕይወቱም ለአደጋ ይጋለጣል። እሱ በቅድሚያ ሐኪም ያስፈልገዋል።

«ልማድ በ21 ቀን ይቀየራል» የሚለውን የማነቃቂያ ንግግር ሰምታችሁ ይሆናል። በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ ያደረጉት ጥናት በ2010 ታተመ። 96 ሰዎች እንደ ምሳ ላይ ፍሬ መብላት ያለ አዲስ ልማድ ሲያስለምዱ ተከታተሏቸው። ልማዱ ሳይታሰብ የሚደረግ እስኪሆን መሃል ላይ ያለው ሰው 66 ቀን ፈጀበት። ፈጣኑ 18 ቀን ነው፤ ለዘገየው 254 ቀን ይወስዳል ተብሎ ተሰላ። አንድ ቀን መዝለልም ሥራውን አላበላሸውም። በ22ኛው ቀን «እኔ አልረባም» ብሎ ያቆመ ሰው ካለ ይህን ቁጥር ይያዝልኝ።

ቅጣትስ? ሽንቱን አልጋ ላይ የሚሸና ልጅ በየሰፈራችን ይሰደባል፤ ይገረፋል፤ ፍራሹ ጎረቤት እያየ ይሰጣል። ልጁ የሚሸናው ተኝቶ ነው። በእንቅልፉ ያደረገውን በቅጣት እንዴት ይማረው? በ1938 ሞውረርና ባለቤቱ ዊሊ ሜ፣ እርጥበት ሲነካው የሚደውል አንሶላ ሥር የሚነጠፍ መሣሪያ ሠሩ። ልጁ ሲሸና ደወሉ ይቀሰቅሰዋል። ከሳምንታት በኋላ ከደወሉ በፊት መንቃት ወይም ሌሊቱን ሙሉ ይዞ ማደር ይለምዳል። ዛሬም ሐኪሞች የሚያዙት ነው። በርበሬ ከማጠን ጋር ስታነጻጽሩት ልብ ይሰብራል።

ሁሉም ነገር ግን በዚህ መንገድ አይሄድም። እውነተኛ አደጋን መፍራት ሕመም አይደለም። የሚደበድባትን ባሏን የምትፈራ ሴት ልምምድ አያስፈልጋትም፤ መውጫ ያስፈልጋታል። ጦርነት፣ መደፈር ወይም ከባድ አደጋ ያለፈባቸው ሰዎችም በዚሁ መርሕ የተሠራ ውጤታማ ሕክምና አላቸው። ግን ከሠለጠነ ባለሙያ ጋር እንጂ በዘመድ ግፊት አይሆንም። «ገደል አፋፍ አቁመው» ወይም «ውሻው ላይ ወርውረው» የሚባለውም ሕክምና አይደለም። ሰውየው ሳይስማማ የተደረገ ነገር ፍርሃቱን ያባብሳል። እንደ ዳያዚፓም ያለ ማስታገሻ ከልምምዱ በፊት መውሰድ ትምህርቱን ሊያደክመው ይችላል። ለረጅም ጊዜ የወሰዳችሁ ግን በድንገት አታቋርጡት፤ ከሐኪማችሁ ጋር ተነጋገሩ።

ፍርሃት ተመልሶ ሊመጣም ይችላል። አሮጌው ትምህርት አይፋቅም፤ አዲሱ በላዩ ይጨመራል እንጂ። ስለዚህ ልምምዱ በአንድ ሕንፃ፣ በአንድ ሊፍት፣ ከአንድ ሰው ጋር ብቻ ከተደረገ ሌላ ቦታ ሲሄዱ ያገረሻል። በተለያየ ሕንፃ፣ በተለያየ ሰዓት፣ ደክሞም ተናዶም መለማመድ ያስፈልጋል። ካገረሸ ደግሞ ከዜሮ አይጀመርም፤ ሁለተኛው ጊዜ ብዙውን ጊዜ ያጥራል።

ባለሙያ የት ይገኛል? አገራችን ውስጥ ቁጥራቸው ትንሽ ነው፤ ያሉትም በአብዛኛው ከተማ ናቸው። አማኑኤል ሆስፒታልና የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያላቸው ትላልቅ ሆስፒታሎች መነሻ ይሆናሉ። ውጭ ያላችሁ አማርኛ የሚችል ባለሙያ በቪዲዮ መፈለግ ትችላላችሁ። የዓለም ጤና ድርጅት የሥነ ልቦና ዲግሪ የሌላቸው ሠልጣኞች በአምስት ቀጠሮ የሚሰጡት እርዳታ አዘጋጅቷል፤ በፓኪስታንና በኬንያ ተፈትኖ ጠቅሟል። እንዲህ ያለው ነገር በጤና ጣቢያ ደረጃ በሰፊው ቢደርሰን ብዬ እመኛለሁ።

ባለሙያ ጋር ስትደርሱም ዝም አትበሉ። ለፍርሃት ሄዳችሁ ሳምንታት በወሬ ብቻ ካለፉ፣ የቤት ሥራ ካልተሰጣችሁ፣ የደረጃ ዝርዝር ካልወጣላችሁ «የምፈራውን ነገር አብረን የምንጀምረው መቼ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ጥሩ ባለሙያ በዚህ ጥያቄ አይከፋም፤ ቀን ይቆርጥላችኋል።